የሥልጠና ተቋም የዕውቅና ፈቃድ ምንድን ነው?

የምዝገባ ወቅት ሲቃረብ በየግል ኮሌጁ በር ላይ «በመንግሥት ሙሉ ዕውቅና ያገኘ» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል። ወላጅ ያንን አንብቦ ልቡ ያርፋል፤ ክፍያውንም ይከፍላል። ጽሑፉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም እውነት ሆኖ ሳለ ልጅዎ ለተመዘገበበት ሙያ የማይሠራበት ሁኔታ አለ፤ በርካታ ቤተሰቦች የሚጎዱትም እዚህ ላይ ነው።

የዕውቅና ፈቃድ፣ አንድ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ሥልጠና ለመስጠት የሚያስፈልገውን ማሟላቱን ተቆጣጣሪው አካል መርምሮ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። የሚሰጠው ለተለየ ሙያ፣ ለተለየ ደረጃ፣ ለተለየ ካምፓስና ለተወሰነ ጊዜ ነው። በሒሳብ ሙያ ደረጃ 3 እንዲያሠለጥን የተፈቀደለት ተቋም ደረጃ 4 ለመክፈት እንደገና ማመልከት አለበት። ለዋናው ግቢ የወጣው ፈቃድም በሌላ ክፍለ ከተማ የተከፈተውን ቅርንጫፍ አይሸፍንም። ስለዚህ «ዕውቅና አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ደብዳቤውን አውጥተው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁና ሙያውን፣ ደረጃውን፣ የካምፓሱን አድራሻና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ራስዎ ያንብቡ።

በፌዴራል ደረጃ ይህን ዓይነቱን ቁጥጥር የሚመራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ነው በ2014 ዓ.ም. በዚህ ስም የተደራጀው። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮችም የየራሳቸው ተቆጣጣሪ አካላት አሏቸው።

መርማሪዎች ወደ ተቋሙ ሲሄዱ የአሠልጣኞችን የትምህርትና የምዘና ማስረጃ፣ ሥርዓተ ሥልጠናው ከሙያ ደረጃው፣ ማለትም ባለሙያው ማወቅና መሥራት ያለበትን ከሚዘረዝረው መለኪያ፣ ጋር መጣጣሙን፣ ወርክሾፑን፣ መሣሪያዎቹንና ቁጥራቸው ለሠልጣኞች የሚበቃ መሆኑን ያያሉ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን መቁጠር ብቻውን በቂ አይመስለኝም። አንድ የብየዳ ወርክሾፕ ስድስት ማሽን ደርድሮ መሥፈርቱን ሊያሟላ ይችላል፤ ለሠልጣኝ የሚታደል ኤሌክትሮድና ላሜራ ከሌለ ግን ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ እንደተሸፈነ ይከርማል። ልምምድ ያለበት ወርክሾፕ ወለሉ ላይ የተቃጠለ የኤሌክትሮድ ቁራጭ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጠማማ ብየዳ ያረፈበት የብረት ቁርጥራጭ ክምር ይታያል። ባለሙያ ባይሆኑም ይህን ለማየት ዓይን ይበቃዎታል።

ከዕውቅና ጋር በተደጋጋሚ የሚምታታው የሙያ ብቃት ምዘና ነው፤ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው። ዕውቅና የሚመለከተው ተቋሙን ነው፤ ምዘና ደግሞ ሰውየውን። ተመዛኙ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ይወስዳል፤ መለኪያውም በዘርፉ ባለሙያዎች ተሳትፎ የተዘጋጀው የሙያ ደረጃ ነው። መዛኙ ከተመዛኙ አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን ተግባር በቅጹ ላይ ይመዘግባል። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተመዛኝ አምፖሉን ቢያበራም፣ ኃይሉን ሳያቋርጥ ሽቦ ከነካ ይህም ይመዘገብበታል። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው፤ ሁለተኛውን ያገኘ ሰው የጎደለውን አሟልቶ ተመልሶ መመዘን ይችላል። አሠልጣኝ የራሱን ሠልጣኝ እንዳይመዝን የተደረገውም በምክንያት ነው። ያስተማረው ሰው ራሱ ቢመዝን ኖሮ የተቋሙ ድክመት መቼም ባልታየ ነበር።

ምዘናው ኮሌጅ ለገቡት ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ክብደቱን በውጤት ላይ ስላደረገ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ያደገ መካኒክም ተመዝኖ የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተ። በእኔ አስተያየት የሥርዓቱ ትልቁ በጎ ነገር ይህ ነው። ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችንንም ይመለከታል፤ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሚሰማሩበት ሙያ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

እንግዲህ ዕውቅና መግቢያው ላይ፣ ምዘና መውጫው ላይ ይጠብቃሉ። ከሁለቱ መካከል ያሉት ወራት ግን በአብዛኛው በተቋሙ ሕሊና ላይ የተጣሉ ናቸው። በተለይ የትብብር ሥልጠናው ያሳስበኛል። ሠልጣኙ የሥልጠናውን ሰፊ ክፍል ድርጅት ውስጥ በተግባር እንዲያሳልፍ ይጠበቃል። አንዳንድ ቦታ ግን የትብብር ደብዳቤ ይጻፋል፣ የክትትል ቅጽ ይፈረማል፣ ልጁ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳና ሻይ ሲያመላልስ ይሰነብታል። ቅጹ ላይ ፊርማው ሙሉ ስለሆነ መርማሪ ቢመጣም ጉድለት አያገኝም። ይህንን የሚያስተካክለው የተቋሙ የውስጥ ጥራት ማረጋገጫ ነው፤ ማለትም አሠልጣኙ ሠልጣኙ ወዳለበት ድርጅት በአካል ሄዶ ምን እየሠራ እንደሆነ ማየቱ፣ የጎደለውን ተግባር ለይቶ በኮሌጁ ወርክሾፕ ማሟላቱ፣ የምዘና ውጤት ሲመጣም ብዙ ሠልጣኝ የወደቀበትን ተግባር አውጥቶ ሥልጠናውን መከለሱ።

ከመመዝገብዎ በፊት ኮሌጁን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት በዚህ ሙያና በዚህ ደረጃ ስንት ሠልጣኝ አስመዘናችሁ፣ ስንቱስ ብቁ ሆነ? ውጤቱን የሚከታተል ተቋም ቁጥሩን ከመዝገብ አውጥቶ ያሳይዎታል።