ሒሳብና እምነት በባሕረ ሐሳብ

ባሕረ ሐሳብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዘመን መቁጠሪያ ትምህርት ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ መቼ እንደሚውል የሚታወቀው በእሱ ነው። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ይታወጃል። ሳይንስና ሃይማኖት የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው ወይስ ለየቅል የሚለው ክርክር ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሰው ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር የተጋጨው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጋሊሊዮ ነው። ለዚህ ጥያቄ እኛም ቤት ጥሩ ማሳያ አለ።

ትውፊቱ የሚነሣው ከድሜጥሮስ ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሾመ 12ኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ነበር። ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር። መልአክ ተገልጦ ይህ በምኞት ብቻ አይገኝም አለው። ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ እንዲይዝ ነገረው። ሱባዔ ሰባት ነው። 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገድፉት፣ ማለትም በ30 አካፍለው ትርፉን ሲይዙ፣ 11 ይቀራል። ይህ ጥንተ አበቅቴ፣ ማለትም የጨረቃ ትርፍ ቀን መነሻ ቁጥር ነው። 7 በ7 ደግሞ 49 ነው፤ 30 ሲወጣለት 19 ይቀራል። ይህም ጥንተ መጥቅዕ፣ ማለትም የጾሙና የበዓሉ ቀን የሚወጣበት መነሻ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፣ የጨረቃ 354። ልዩነቱ 11 ነው። በጸሎት የተገኘው 11 እና ሰማይ ላይ የሚታየው 11 አንድ ናቸው። ዘመናዊ ተመራማሪዎች ስሌቱ የተሟላ መልኩን የያዘው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ነው ይላሉ። ይህ ግን ሊቃውንቱ ለድሜጥሮስ የሚሰጡትን ክብር አይነካውም።

ስሌቱን በ2018 ዓ.ም. እንየው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ይሆናል፤ ይህ ከፍጥረት ጀምሮ ያለው ዘመን ዓመተ ዓለም ይባላል። ለ4 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል። አንዱ ለዘመን ይተውና 12 ወንበር፣ ማለትም የዓመቱ ስሌት መነሻ ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ተገድፎ 12፤ አበቅቴ ይህ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ተገድፎ 18፤ መጥቅዕ ነው። ከ14 ስለሚበልጥ የሚቆጠረው በመስከረም ነው፤ መስከረም 18 እሑድ ዋለ። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 እሑድ ላይ ያርፋል። የለመደ መርጌታ ይህን ሁሉ ወረቀት ሳያነሣ በቃሉ ይወጣዋል።

የ19 ዓመቱ ዙር ንኡስ ቀመር ይባላል። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረው። ግሪኮች ዙሩን ከአቴናው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከሜቶን ስም ጋር ያያይዙታል። ንኡስ ቀመር በ4 ሲባዛ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፣ ያ በ7 ሲባዛ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ይሆናል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የግብጻዊው ሊቅ የአቡሻክር ሥራም በኋላ ወደ ግእዝ ተተርጉሟል። በ1979 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወር የግእዝ ብራናዎችን መርምሮ፣ ሌላ ቦታ የተዘነጋው የጥንቱ የእስክንድርያ ስሌት በኢትዮጵያ ሊቃውንት እጅ ተጠብቆ መኖሩን አሳይቷል። ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ክርክሩ። በባሕረ ሐሳብ የ2018 የፋሲካ ጨረቃ፣ ማለትም የአይሁድ ፍሥሕ፣ መጋቢት 28 ላይ ይውላል። ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ ግን መጋቢት 24 ሞልታለች። የ4 ቀን ልዩነት አለ። ምክንያቱ ይታወቃል። 235 የጨረቃ ወር ከ19 ዓመት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያንሳል። በሦስት መቶ ዓመት አካባቢ አንድ ቀን ይሞላል። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1582 እ.ኤ.አ. 10 ቀን ዘልላ ቀመሯን አስተካከለች፤ የእኛ በነበረው ጸንቷል።

ታዲያ ባሕረ ሐሳብ ተሳስቷል? «ጨረቃ መቼ ሞላች?» ላለ ሰው መልሱን የሚሰጠው የሥነ ፈለክ ባለሙያው ነው፤ ክርክር የለውም። ባሕረ ሐሳብ የሚመልሰው ግን «ሁላችን አብረን መቼ እንጹም? መቼ እንፍታ?» የሚለውን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገጠር ያለ ቄስም አዲስ አበባ ያለ ዲያቆንም ሳይደዋወሉ እኩል የሚደርሱበት ሕግ ነው። እስከዚህ ጥያቄዎቹ ይለያያሉ። ሆኖም ጨርሶ አልተፋቱም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሰማዩን አይተው ነው የቆጠሩት፤ ፋሲካ ከጨረቃ ሙላት በኋላ ይሁን ያሉትም እነሱ ናቸው። እምነቱ ቀኑን ፈለገ፣ ሒሳቡ አገኘለት። ስለዚህ «እያንዳንዱ በየአጥሩ ይኑር» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው።

ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። በዚሁ ሕግ የ2019 ወንበር 13፣ መጥቅዕ 7 ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ የሚቆጠረው በጥቅምት ነው፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። ነነዌ የካቲት 15 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24።