21 ቀን፣ ቆራጥነት እና ሌሎች ስለ ልማድ የሚነገሩ ነገሮች

«አዲስ ልማድ በ21 ቀን ይያዛል።»

ቁጥሩ የመጣው ከቀዶ ሕክምና ነው። አሜሪካዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ማክስዌል ማልትዝ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። ወሬው ሲዞር ዝቅተኛው መጠን ለሁሉም ነገር የሚሠራ ሕግ ሆነ። ፊትን በመስታወት መልመድ ከሩጫ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን ማንም አልጠየቀም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ አዲስ ልማድ ለመያዝ የሚሞክሩ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መካከለኛው ግምት 66 ቀን ነው፤ ልዩነቱም ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። ረጅሙ ቁጥር ከጥናቱ ዕድሜ ስለሚበልጥ በስሌት የተገኘ ነው። ውሃ መጠጣትን የመሰለ ቀላል ነገር ቶሎ ይለመዳል፤ ስፖርት ይዘገያል።

«አንድ ቀን ከተዘለለ ሁሉም ከንቱ ነው።»

በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ያን ያህል አላወከውም። የሚጎዳው «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብሎ ሳምንቱን መተው ነው።

«ልማድ የቆራጥነት ጉዳይ ነው።»

ዐቢይ ጾምን እንመልከት። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ሳምንት መታገሥ ያቃተው ሰው 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ሳይቀምስ ይከርማል። ዋናው ምክንያት እምነቱ ነው፤ ይህ አያከራክርም። እምነቱ ግን ብቻውን አልተተወም። መግቢያውና መውጫው አስቀድሞ በባሕረ ሐሳብ ይታወቃል፣ ብዙ ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱ ያቀርባል፣ በቤት ውስጥ ሽሮው ተጥዷል። ጠዋት ጠዋት «ልጹም ወይስ ልብላ?» እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገት ሰው ጥቂት ነው። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ዶሮ ወጡ ያለ ምንም ልምምድ ይበላል። ጾሙ ሥጋን ለዘላለም ለማስጠላት የታሰበ አይደለም፤ ሆኖም 21 ቀን አሮጌውን ልማድ የሚሽር ቢሆን ኖሮ 55 ቀን ምን ባደረገ ነበር!

የቦታን ኃይል አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዌንዲ ዉድና ባልደረቦቿ በፈንድሻ አሳይተዋል። ሲኒማ ቤት ፈንድሻ መብላት የለመዱ ሰዎች ሳምንት ያደረውንም ከትኩሱ እኩል በሉት፤ ጣዕሙን ሳይወዱት! በስብሰባ ክፍል ሲቀርብላቸው ግን ያደረውን ቀነሱ። እዚያው ሲኒማ ቤት በማይቀናቸው እጅ እንዲበሉ ሲደረግም እንዲሁ። ስለዚህ ማታ ስልክ ማየት ያስቸገረው ሰው ቻርጀሩን ከመኝታ ቤት ቢያወጣ ከመማል ይሻለዋል።

«ሌሊት 11 ሰዓት የማይነሳ ሰው አይሳካለትም።»

የእንቅልፍ ሰዓት በከፊል በዘር ይወረሳል፣ በዕድሜም ይለዋወጣል፤ ወጣቶች ማምሸታቸው ከስንፍና ብቻ አይደለም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው የተኛው 5 ሰዓት ነው፤ ለአዋቂ የሚመከረው ደግሞ ቢያንስ 7።