የሌዘር ረድፍ ዝግጁነት ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ጅማ ውስጥ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሁለት ስዊቾችን (የኮምፒውተር መረጃ የሚያከፋፍሉ የኔትወርክ ማሽኖችን) የሚያገናኘው፣ በሰከንድ 40 ጊጋቢት የሚያሳልፍ መስመር በድንገት ጠፋ። መብራት አለ፤ ማሽኖቹ ይሠራሉ፤ ገመዱም ደህና ነው። ገመዱን ከሌዘር ሞጁሉ፣ መረጃውን በብርሃን ከሚልከው ተነቃይ ዕቃ፣ ነቅዬ የስልኬን የፊት ካሜራ ወደ ሞጁሉ አፍ አስጠጋሁ። መታየት ከነበረባቸው አራት ወይን ጠጅማ ነጥቦች ሦስቱ ብቻ ታዩ። (ዓይንን ወደዚያ መደቀን አይገባም። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 850 ናኖሜትር ስለሆነ ለዓይን አይታይም፤ አለመታየቱ ግን ከመጉዳት አያግደውም። አንዳንድ የስልክ ካሜራዎች ግን ያዩታል።)

ሞዴል 20 ሞልቼ ወደ ንብረት ክፍል ወረድኩ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን አንብበው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ሦስቱ ይበራሉ አላልክም?»

«ይበራሉ እትዬ።»

«ታዲያ በሦስቱ ለምን አትሠራም?»

ከብዙ ባለሙያ ያልሰማሁት ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የሌዘር ረድፍ ማለት በአንድ ቺፕ ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ብዙ ጥቃቅን ሌዘሮች ናቸው። «ድርድር» የሚሉትም አሉ፤ እኔ ድርድር ሲባል ጠረጴዛና ሽማግሌ ስለሚመጣብኝ ረድፍ እላለሁ። በሁለት ሌዘሮች መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የ12 ሌዘሮች ረድፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 2.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ሁለት የጤፍ ፍሬ በቁመት ቢቀጣጠል የሚያክል። ይህ ልክ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ብርሃኑን የሚያስተላልፉት ቀጫጭን የመስታወት ክሮች (ፋይበሮቹ) እንደ ጥብጣብ ተጣብቀው በዚያው ርቀት ስለሚደረደሩ እያንዳንዱ ሌዘር ከራሱ ፋይበር ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል።

ቀደም ሲል የሴሚኮንዳክተር ሌዘሮች ብርሃናቸውን የሚያወጡት በጎን፣ ከተቆረጠው ጠርዝ ነበር። ጃፓናዊው ኬኒቺ ኢጋ እ.ኤ.አ. በ1977 ብርሃኑን ከቺፑ ገጽ ሽቅብ ማውጣት እንደሚቻል አሰበ፤ በ1979 ሠርቶ አሳየ። የዚህ ትልቁ ጥቅም ለአምራቹ ነው። በአንድ ክብ ዝርግ ሳህን ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሌዘሮች ከተሠሩ በኋላ ሳህኑ ሳይቆራረጥ ሁሉንም እያበሩ መፈተሽ ተቻለ። ረድፍ ሲፈለግም አራቱን ወይም 12ቱን ሳይነጣጥሉ አንድ ላይ መቁረጥ ነው።

ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። አራቱ ሌዘሮች አንዱ ሲደክም ሌላው የሚያግዘው ባልንጀሮች አይደሉም። ስዊቹ መረጃውን በ66 ቢት እየቆራረጠ አንዱን ቁራጭ ለመጀመሪያው ሌዘር፣ ቀጣዩን ለሁለተኛው እያለ በተራ ያድላል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ተቀባይ አራቱን መልሶ ይገጣጥማል።

«ልጅዎ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ቢጽፍልዎና በየአራተኛው ቃል ላይ ቀለም ቢፈስበት ይነበባል?» አልኳቸው።

«ደህና መሆኑን ካወቅሁ ይበቃኛል» አሉ።

ስዊች ግን የእናት አንጀት የለውም። ከአራቱ ተራ አንዱ ከጎደለበት ሙሉውን መስመር ይዘጋዋል።

ዝግጁነት የሚባለው ነገር የሚነሣው ከዚህ ነው። ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ አንድ ሌዘር ማብራት ዛሬ ወሬ አይሆንም። የረድፍ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሁሉም፣ በአንድ ጊዜ፣ እኩል፣ ለዓመታት ይበራሉ ወይ? እያንዳንዱ ሌዘር የተወሰነ ጊዜ ሳይበላሽ የመቆየት ዕድሉ 99.9 በመቶ ነው እንበል። አራት ሲሆኑ ቢያንስ አንዱ የመጥፋቱ ዕድል 0.4 በመቶ ገደማ ነው፤ 12 ሲሆኑ 1.2 በመቶ፤ 32 ሲሆኑ ከ3 በመቶ በላይ። ለብቻው ሲታይ እንከን የማይወጣለት ሌዘር ሲደረደር አስቸጋሪ ይሆናል።

የጅማ ቡና ለቃሚ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም ይኖራል፤ የደረሰው ተለቅሞ ለቀረው ሌላ ቀን ይመለሱበታል። ረድፍ እንዲህ አይለቀምም። ከ12ቱ አንዱ ጥሬ ከሆነ ቅርንጫፉ ከነፍሬው ይጣላል።

ስለዚህ አምራቾች ሌዘሮቹን አስቀድመው ያሠቃዩአቸዋል። ቴልኮርዲያ የተባለው የአሜሪካ የቴሌኮም ድርጅት ያወጣው ጂ.አር. 468 የሚባል መመዘኛ በዚህ ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ እንደ ሕግ ይቆጠራል። ሌዘሮቹ እየበሩ በጋለ ሣጥን ውስጥ ለሺዎች ሰዓታት ይቆያሉ፤ 5,000 ሰዓት ወደ ሰባት ወር መሆኑ ነው። ሙቀት እርጅናን ስለሚያፋጥን በወራት የታየው ተሰልቶ ወደ ዓመታት ይመነዘራል። የብልሽት መለኪያውም በአንድ ቢሊዮን ሰዓት ውስጥ ስንት ይበላሻል የሚል ነው። አንድ ቢሊዮን ሰዓት ከ114,000 ዓመት በላይ ስለሆነ ቆሞ የሚጠብቅ የለም፤ ብዙ ሌዘሮችን ለጥቂት ጊዜ አግሎ በስሌት ይደረስበታል። በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት የሚደረግ ሌላ ፈተናም አለ። ክረምቱ እንደ ጅማ በሚረዝምበት አገር ይህን ፈተና በቀላሉ ማየት አይገባም፤ በደንብ ያልታሸገ ሌዘር እርጥበት ሲገባው ከውስጥ ይበላል።

ሌላው ገዳይ የራሳችን እጅ ነው። ከሰውነት የሚፈናጠቅ፣ እኛ እንኳ የማይሰማን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሌዘሩን ወዲያው ሳይገድለው አቁስሎት ከሳምንታት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። የእኛን ሞጁል ማን እንደገደለው አላውቅም፤ ሲገጠም ግን የእጅ አንጓ ማሰሪያ ያደረገ ሰው አላስታውስም። ከገጠሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

እኩልነቱም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ከመሃል ያሉት ሌዘሮች በግራም በቀኝም ጎረቤት ስለሚያሞቃቸው ከዳርዳሮቹ ይልቅ ይግላሉ። ይህ ይበልጥ የሚያስቸግረው ለረጅም ርቀት በሚሠሩት ረድፎች ላይ ነው። በእነዚህ ውስጥ ሌዘሮቹ የየራሳቸው ፋይበር የላቸውም፤ እያንዳንዱ በራሱ የሞገድ ርዝመት እየበራ ሁሉም በአንድ ፋይበር ይጓዛሉ። በ1,550 ናኖሜትር አካባቢ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ 0.8 ናኖሜትር ነው። ሌዘሩ ደግሞ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 0.1 ናኖሜትር ያህል ይንሸራተታል። ስምንት ዲግሪ ከሞቀ ጎረቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ጅማ ውስጥ ከማለዳው ብርድ እስከ ቀትሩ ፀሐይ የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ይለዋወጣል። ለዚህ ነው እነዚህ ረድፎች ያለ ሙቀት መቆጣጠሪያ የማይሠሩት።

ታዲያ ረድፎቹ ደርሰዋል ወይ? መልሱ እንደ ፍጥነቱ ነው። አራት ሌዘር እያንዳንዱ 10 ጊጋቢት የሚልክበት የአጭር ርቀት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2010 ጸደቀ፤ በ2015 እያንዳንዱ 25፣ በ2018 እያንዳንዱ 50 ሆነ፤ በ2022 እያንዳንዱ 100 ደርሶ አራቱ 400 ጊጋቢት ተሸከሙ፤ ያውም እስከ 100 ሜትር ለሚደርስ ገመድ። በየደረጃው ግን በቤተ ሙከራ ከበራበት ቀን እስከ ገበያው ድረስ ዓመታት አሉ። «ክብረ ወሰን ተሰበረ» የሚል ዜና ሳነብ የምፈልገው ፍጥነቱን ሳይሆን ስንት ሌዘር፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት እንደበራ ነው፤ አብዛኛው ዜና እሱን አይነግረንም።

አሁን ትልቁ ፈተና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽኖች የሚታጎሩባቸው የመረጃ ማዕከላት ናቸው። ብርሃን አመላላሹ ክፍል ከስዊቹ ቺፕ አጠገብ እንዲቀመጥ ይፈለጋል፤ ቺፑ ግን እንደ ምድጃ የጋለ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካው ቺፕ ሠሪ ኩባንያ ኢንቪዲያ ያስተዋወቃቸው ስዊቾች ሌዘሮቹን ከቺፑ አርቀው ለብቻቸው በሚነቀል ሞጁል ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሌዘር ሲሞት የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው። ይህ በእኔ ግምት ከማንኛውም ፍጥነት ይበልጥ የበሰለ ውሳኔ ነው፤ ሌዘር እንደሚሞት አምኖ የተነሣ ነውና።

እትዬ አዲሱን ሞጁል በሞዴል 22 ፈርመው ሰጡኝ። አሮጌው ተመላሽ መደረግ ነበረበትና በማግስቱ ወሰድኩላቸው። ስለ ሁኔታው በሚጻፍበት ዓምድ «የማይሠራ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰርዘው «በከፊል የሚሠራ» አሉት፤ መደርደሪያ ላይ አሁንም አለ።