ክዋይ ሪቨር ሎጅና የኦካቫንጎ ምድር

ስለ ኦካቫንጎ ሎጆች በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይከብዳል። በእንግሊዝኛ ያለውም አብዛኛው የአልጋ ዋጋና ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ከዚህም ከዚያም የተገኘውን አሰባስቤ ስለ አንዱ፣ ስለ ክዋይ ሪቨር ሎጅ፣ እነሆ ብያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክዋይ የሚገኘው በሰሜን ቦትስዋና ነው። ሞረሚ ከሚባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ሰሜናዊ ወሰን ላይ፣ በክዋይ ወንዝ ዳር። ወንዙ የኦካቫንጎ ዴልታ፣ ማለትም የኦካቫንጎ ወንዝ ተበትኖ የሚፈጥረው ረግረግ፣ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ውሃው ከአንጎላ ደጋ ይነሳል፣ ናሚቢያን አቋርጦ ቦትስዋና ይገባል፣ ከዚያ አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። የእኛ አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር ሁሉ ኦካቫንጎም ባሕር ሳያይ ነው የሚያልቀው። ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ በፀሐይ ተንኖና በተክል ተመጥጦ ያልቃል። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ውሃው የሚጓዘው ቀስ እያለ ነው፤ በአንጎላ የዝናብ ወቅት የዘነበው ዝናብ ታችኛው ዴልታ የሚደርሰው ወራት ቆይቶ፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ነው። ያ ደግሞ ለቦትስዋና የበጋ ወቅት ነው። አገሩ ሁሉ ደርቆ እዚህ ብቻ ውሃ ይሞላል። እንስሳው ወደዚህ የሚጎርፈው ለዚህ ነው።

የሎጁ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከአንድ ፈረንጅ አዳኝ ይጀመራል። እኔ ግን ከባታዋና ሕዝብ ብጀምር ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም መሬቱ የእነሱ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦትስዋና ገና ቤቹዋናላንድ እየተባለች በእንግሊዝ ሥር ነበረች። አደኑ መረን ወጥቶ እንስሳው እያለቀ ነበር። የባታዋና እንደራሴ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ፑላኔ ሞረሚ ነበሩ፣ የሟቹ አለቃ የሣልሳዊ ሞረሚ ባለቤት። ጉዳዩ ክጎትላ በሚባለው የሕዝብ ሸንጎ ቀርቦ ተመከረበት፤ በ1963 ሕዝቡ ከራሱ መሬት ከፍሎ ለዱር እንስሳት ተወ። ሮበርት ኬይና ባለቤቱ ጁን ኬይ የተባሉ ነጭ ነዋሪዎች ለዚህ ብዙ እንደደከሙ ተጽፏል፣ ድካማቸውም አይካድም። ውሳኔው ግን የሸንጎው ነው። በአፍሪካ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ወስኖ ያቋቋመው የመጀመሪያው ጥብቅ ክልል ሞረሚ መሆኑ በሰፊው ይነገራል፣ ነፃነት ከመምጣቱ ሦስት ዓመት በፊት መሆኑ ደግሞ ያኮራል። በኋላ የአለቆቹ የግል ማደኛ የነበረው ቺፍስ ደሴትም ተጨምሮበት ክልሉ ዛሬ 5,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ይህ ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። ክልሉ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ቡካክዌ የሚባሉ የሳን ሕዝቦች፣ በአደንና በዓሣ የሚተዳደሩ የወንዝ ሰዎች፣ ከቀያቸው ተነስተው ከወንዙ ማዶ ሰፈሩ። የዛሬዋ የክዋይ መንደር የእነሱ ናት። በምን ሁኔታ እንደተነሱ የሚነገረው ይለያያል፤ ሽማግሌዎቹ ተገደን ነው ይላሉ፣ እኔም ለእነሱ አደላለሁ።

አሁን ወደዚያ ፈረንጅ አዳኝ፣ ወደ ሃሪ ሴልቢ፣ እንምጣ። ስለ እሱ የተጻፈው ስለ ሎጁ ከተጻፈው በብዙ ይበልጣል። በ1925 ደቡብ አፍሪካ ተወለደ፣ ያደገው ግን ኬንያ፣ ናንዩኪ አጠገብ ባለ የከብት እርባታ ላይ ነው። ሙያውን የተማረው በጊዜው ስሙ ከገነነው አዳኝ ከፊሊፕ ፐርሲቫል ሥር ሆኖ ነው። በ1950ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ደንበኛው ስለ እሱ ጽፎ ስሙን አሜሪካ ድረስ አስጠራው፤ ከዚያ በኋላ ሴልቢን ለመቅጠር ወረፋ ይጠበቅ ጀመር። ስለ ጠመንጃው የሚወራ አንድ ነገር አለ። ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃው መኪና ወጥቶበት ተበላሸ። ናይሮቢ ሄዶ ምትክ ሲፈልግ የተገኘው .416 ሪግቢ ነበር፣ ለጊዜው ብሎ የገዛው። ከዚያ ወዲያ እጁ አልለቀቀውም፣ የጠመንጃውም ስም ከእሱ ስም ጋር ተያይዞ ቀረ።

ኬንያ ነፃ ልትወጣ በተቃረበችበት ጊዜ ሴልቢ ወደ ደቡብ ወርዶ ቦትስዋና፣ ማውን ከተማ ሰፈረ፣ ኬር ዳውኒ ኤንድ ሴልቢ የተባለውንም የሳፋሪ ድርጅት እዚያ መራ። ክዋይ ሪቨር ሎጅን ያሠራው ያኔ ነው። አንዳንዱ በ1968 ይላል፣ ሌላው 1970፤ ለእኔ የመጀመሪያው ያመዝናል። ዋናው ቁም ነገር የሎጁ ዓላማ ነው። እንግዳው ጠመንጃ ሳይሆን ካሜራ ይዞ የሚመጣበት ቤት ነበር፣ በቦትስዋና ከመጀመሪያዎቹ አንዱ። ኑሮውን በአደን የመሠረተ ሰው ይህን ማሰቡ ትልቅ ነገር ነው። እሱ ራሱ ማደኑን አልተወም፣ እስከ እርጅናው ቀጥሏል። በ2018 ማውን ውስጥ በ92 ዓመቱ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ሎጁ ከእጅ እጅ ተዛወረ፤ በ1990ዎቹ ኦሪየንት ኤክስፕረስ ሆቴሎች ያዙት፣ ኩባንያው በ2014 ቤልሞንድ ተባለ።

ስለ ቆላ ዝንብም መነገር አለበት። ዝንቡ የሚያመጣው ገንዲ ከብት እንደሚፈጅ የእኛ የምዕራብ ቆላ ገበሬ ያውቀዋል። ኦካቫንጎም ለዘመናት በዚህ ዝንብ የተነሳ ከብት አልገባበትም፣ ለዱር እንስሳው ጠባቂ የሆነው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2001ና በ2002 ከአውሮፕላን መድኃኒት ተረጭቶ ዝንቡ ከዴልታው ጠፋ። አሁን ከብቱን የሚያግደው ረጅሙ የሽቦ አጥር ብቻ ነው።

መንደሩም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ2000 ገደማ የክዋይ ሰዎች የራሳቸውን የልማት ማኅበር አቋቁመው በአካባቢው ያለውን መሬት ከመንግሥት ተረከቡ። በመጀመሪያ ገቢያቸው በብዛት ከአደን ኮታ፣ ማለትም እንዲታደን ከተፈቀደው የእንስሳ ቁጥር፣ ሽያጭ ነበር። በ2014 መንግሥት አደን ሲከለክል ያ ገቢ ቀረ፤ ማኅበሩ ወደ ካምፕና ወደ ፎቶ ቱሪዝም ዞረ። ክልከላው በ2019 ተነሳ። ከ130,000 በላይ ዝሆን ባለበት አገር ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሰብሉን ዝሆን የሚረግጥበት ገበሬ የሚለውን መስማት ያስፈልጋል። በዚያው በ2014 ኦካቫንጎ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፣ በዝርዝሩ 1,000ኛው።

ወደ ክዋይ የሚሄደው ብዙው እንግዳ ከማውን በትንሽ አውሮፕላን ነው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2024 ወደ ማውን መብረር ጀምሯል። በመኪና የሚሄድ ግን ወደ 130 ኪሎ ሜትር በአብዛኛው አሸዋና ኮረኮንች ይጠብቀዋል፣ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ግድ ነው። ከሞረሚ ሰሜን በር ላይ ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ የሞፓኔ እንጨት ጎን ለጎን ተደርድሮ የተሠራ ነው። መኪና ሲያልፍበት ግንዱ ሁሉ ይንቋቋል፣ የማያውቅ ሰው የሚፈርስ ይመስለዋል። እንስሳ በብዛት ለማየት መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ውሃው ግን ወንዙ ዳር ብቻ ስለሚቀር ዝሆኑም ጎሹም ተኩላውም አይርቅም።