ቀይ ቀለም የሚቀባው ለማስፋት ነው፦ ስለ «ውብ መንገድ» ስያሜ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መንገዱ ውብ ተብሎ ከተሰየመ መሬታችን ይወሰዳል።» ይህን ደንገጎ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ሐረማያ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ሐረር ውስጥ ቡና ስንጠጣ ከተማረ ሰው አፍም ሰምቼዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በመንገድ ቅየሳ የኖርኩ ሰው ነኝና መሬት እንዴት እንደሚወሰድ ጠንቅቄ አውቃለሁ። አሁንስ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጉዳዩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። በገጠር የሚያልፍ መንገድ መልክአ ምድሩ፣ ታሪኩ ወይም የሰዉ አኗኗር መንገደኛን የሚያስቆም ከሆነ የአካባቢው አስተዳደር አጥንቶ ያመለክትለታል፤ መስፈርቱን ካሟላም የውብ መንገድነት ስያሜ ይሰጠዋል። በአሜሪካ ይህ አሠራር በአገር ደረጃ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ የትራንስፖርት ሕግ ነው። የመጀመሪያዎቹ መንገዶች በ1996 ተሰየሙ፤ በ2021 ደግሞ 49 መንገዶች በአንድ ጊዜ ተሰይመው ጠቅላላ ቁጥሩ 184 ደረሰ። ኖርዌይም 18 መንገዶቿን መርጣ ለጎብኚ አዘጋጅታለች። እኔ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር የሚገባው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለዚህ ክብር ይበቃል እላለሁ። የሚያልፍባቸው አስተዳደሮች ተስማምተው ይጠይቁ፣ ያጥኑ፣ ያዘጋጁት እላለሁ። ይህን ባልኩ ቁጥር ያው ተቃውሞ በያው ቃል ይመጣል።

«ሐረር በዩኔስኮ ተመዝግባ የለም እንዴ? መንገዱም አብሮ ተመዝግቧል።»

አልተመዘገበም። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመዘገበው በግንብ የታጠረው ጀጎል ነው፤ ስፋቱም 48 ሄክታር ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው አስፋልት ከግንቡ ውጭ ነው።

«ውብ መንገድ ማለት አረንጓዴና ጫካ የሞላበት ነው፤ እኛ ጋ ምን አለ?»

ይህን የሚሉኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ዳገቱን የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። በአሜሪካ መንገዱ የሚመዘነው በስድስት ነገሮች ነው፦ በመልክአ ምድሩ ውበት፣ በተፈጥሮው፣ በታሪኩ፣ በባህሉ፣ በአርኪዮሎጂው እና ለመዝናኛ በሚሰጠው ጥቅም። ከስድስቱ በአንዱ ብቻ ጎልቶ ቢገኝ ለስያሜ ይበቃል፤ ለከፍተኛው ደረጃ የሚጠየቀውም ሁለት ነው።

የእኛን መንገድ በዚህ እንለካው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግራሩንና የደረቀውን አሸዋማ ወንዝ ትቶ ኩርባው ሲጀምር የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ክፍት ነው። ደንገጎ ሲደረስ ከፍታው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ሆኗል፤ መስኮቱ አንድ በአንድ ተዘግቷል፤ እናቶች ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጠቅልለዋል። ታች የቀረችው ከተማ በአቧራና በጭጋግ ውስጥ እንደ ጣሪያ ክምር ትታያለች። ታሪኩም እዚያው ዳገት ላይ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ይህ ተራራ ስለከበደው እ.ኤ.አ. በ1902 ከሥሩ ቀረ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ይህ ዳገት ባይኖር ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር ማለት ነው። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም በእግራቸው ይህን ዳገት የሚወጡትን ያየ ሰው ስለ ባህል ሊጠይቀኝ አይገባም። ከላይ ደግሞ የድንጋይ እርከኑ፣ ማሽላው፣ ጫቱ፣ ደርቆ የነበረውና ውሃው የተመለሰው የሐረማያ ሐይቅ፣ ከዚያም እስከ ምሽት የሚተራመሰው የአወዳይ የጫት ገበያ አለ። ጫካ የለንም። የሌለንን ከመቁጠር ያለንን ማየት ይቅደም።

«መሬታችን ይወሰዳል።»

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው፤ ፍርሃቱ የመጣበትን ቦታ ስለማውቅም ያመኛል።

ከደንገጎ ኩርባዎች በአንዱ ላይ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ማሳቸው ከአስፋልቱ ጠርዝ ጀምሮ ሽቅብ ይሄዳል፤ ስድስት ደረጃ የድንጋይ እርከን አለው። በታችኛው ሦስት መደዳ ጫት፣ ከላዩ ማሽላ፣ በጠርዙ ሁለት የኮክ ዛፎች። የመጀመሪያው ካብ ላይ፣ በጉልበት ከፍታ፣ ቀይ የመስቀል ምልክት ተቀብቷል። ዝናብ አጥቦት ደብዝዟል፤ ከድንጋዮቹ መጋጠሚያ ውስጥ የገባው ግን እንዳለ ነው።

«ልጄ፣ ይህ ለቱሪስቱ የተደረገው ምልክት ነው አይደል?» አሉኝ።

«አይደለም ኦቦ። ይህ መንገዱን ለማስፋት የለኩ ሰዎች የቀቡት ነው» አልኳቸው።

አላመኑኝም። ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳርፈው ቆዩ። «አንተ ያልከው ስም ሲመጣ ነው የሚያፈርሱት ተብያለሁ» አሉ።

ያንን ቀለም አውቀዋለሁ። በሌሎች ቦታዎች ብዙ ካብና ብዙ ግድግዳ ላይ የቀባሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሥራዬ ነበር። አንድም ቀን ግን መንገድ ሊሰየም ነው ተብዬ ቀለም ይዤ ወጥቼ አላውቅም። የሚወጣበት ምክንያትም የለም፤ ስያሜ የሚፈልገው መሬቱ እንዳለ እንዲቆይ ነው።

ሕጉን እንመልከት። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩም ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቀው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 በተዘረዘረው መንገድ ነው፦ ለሕዝብ ጥቅም መሆኑ በሚመለከተው አካል ይወሰናል፣ ባለይዞታው እንዲያውቅ ይደረጋል፣ ካሳ ይከፈላል። አንድ መንገድ «ውብ» መባሉ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። በአሜሪካም ስያሜው በራሱ በማንም መሬት ላይ ሥልጣን አይሰጥም፤ የመሬት አጠቃቀሙ የሚመራው በቀድሞው የአካባቢ ሕግ ነው። እውነቱን ላለመደበቅ፣ እዚያ ስያሜው ይዞት የሚመጣው አንድ ክልከላ አለ፦ በተሰየሙ ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ዳር አዲስ የማስታወቂያ ቢልቦርድ መትከል አይፈቀድም። ባለሱቅ በራሱ ደጅ የራሱን ሱቅ የሚያስተዋውቅበት ታፔላ ግን በዚህ አይነካም። ለእኛ ዳገት ይህ ክልከላ ጉዳት ነው የሚል ሰው ካለ ደንገጎ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይይ፤ ምን እንዲጋርድበት እንደሚፈልግም ይንገረኝ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልንገራችሁ። ያው ሕዝብ፣ ያው አዳራሽ፣ «መንገዳችሁ ይስፋላችሁ?» ሲባል ያጨበጭባል። ቀያሽ ነኝና በቁጥር ላሳይ። በግራና በቀኝ አምስት አምስት ሜትር ብቻ ቢጨመር በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት የሚሄደው መሬት ልክ አንድ ሄክታር ነው። አንድ ሄክታር በሐረርጌ ደጋ የስንት ቤተሰብ ጉሮሮ እንደሆነ ያገር ሰው ያውቀዋል። ይህም ሜዳ ላይ ሲሆን ነው። ተዳፋት ላይ አምስት ሜትር ለማግኘት አምስት ሜትር ቆርጦ ማቆም አይቻልም፤ የተቆረጠው ዳገት እንዳይናድ እያጋደለ ወደ ላይ ይቆረጣል፣ ከታች በኩል ደግሞ ሙሌቱ ገደሉን ይዞ ይወርዳል። አምስት የተባለው አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። የአዛውንቱ ስድስት እርከን ከነኮክ ዛፎቹ የሚሄደው እንዲህ ነው። የሚያጨበጭቡለት መሬታቸውን ይወስዳል፤ የሚፈሩት አይነካቸውም። ይህን መገለባበጥ ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደደከምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

መንገዱ አይጠገን አላልኩም፤ እንዲህ ብለው የሚተረጉሙብኝ ስላሉ ነው የምለው። ሁለት ከባድ መኪና ሲገናኝ የማያሳልፍ ኩርባ ካለ እዚያ ኩርባ ላይ ይስፋ። ቁልቁለቱ ላይ የብረት መከላከያ ያስፈልጋል። ፍሬን የከዳው የጭነት መኪና የሚገባበት፣ ጠጠር የተሞላ ሽቅብ ማምለጫም ያስፈልጋል። ሹፌሮችም በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ ማርሹን አቅልሎ በፍሬን ብቻ ደንገጎን የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያግልና ኩርባው ላይ ያጣዋል። ይህ ሁሉ ለደኅንነት የሚደረግ ነው፤ ሃምሳ አምስቱን ኪሎ ሜትር ከዳር እስከ ዳር ከመቁረጥ ጋር አይምታታ።

«ስያሜው ሲመጣ ገንዘብ አብሮ ይመጣል።»

አይመጣም። በአሜሪካ እንኳ ስያሜው የሚሰጠው ገንዘብ ለመጠየቅ ተወዳዳሪ የመሆን ዕድልን ነው፤ ለዚያ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ ለዓመታት ገንዘብ አልተመደበለትም። መንገዶቹ ግን ስማቸውን ይዘው ቆዩ፤ የያዟቸውም በየመንደሩ ያሉ ሰዎች ናቸው። ገንዘብ ተስፋ አድርጎ የሚነሣ ኮሚቴ በሁለተኛው ዓመት ይበተናል።

«ታፔላ ይሰቀል፣ አለቀ።»

ታፔላ የመጨረሻው ሥራ ነው።

«ይህ የፌደራል መንግሥት ሥራ ነው፤ ከላይ ይምጣ።»

ሥራው የሚጀምረው ከታች ነው። በአሜሪካ አሠራር በአገር ደረጃ ለመሰየም መጀመሪያ የአካባቢው ሰው ተደራጅቶ የመንገዱን የአያያዝ ዕቅድ ያዘጋጃል፦ ምን አለ፣ ማን ይጠብቀዋል፣ አዲስ ግንባታ ሲመጣ ምን ይደረጋል፣ አደጋ የሚበዛበት የት ነው፣ ሕዝቡ እንዴት ይሳተፋል። የእኛ መንገድ ደግሞ ከድሬዳዋ አስተዳደር ተነሥቶ፣ ኦሮሚያን አቋርጦ፣ ሐረሪ ክልል ይገባል። ሦስት አስተዳደር ማለት ነው። አንዱ ብቻውን ቢሰይም መንገዱ ተራራው ወገብ ላይ ስሙ ይቋረጣል። ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ ከየወረዳው ገበሬው፣ የጫት ነጋዴዋ፣ የሚኒባስ ማኅበሩ፣ አስጎብኚው አብረው ይጠሩ። የጫት ነጋዴዋ በመጀመሪያው ስብሰባ ካልተጠራች በሁለተኛው «ሊያስነሡኝ ነው» ብላ ትመጣለች፤ አልፈርድባትም።

መኪና መቆሚያ ሲመረጥ ከኩርባ ርቆ፣ ሹፌሩ ከሁለቱም አቅጣጫ ከሩቅ በሚታይበት ቦታ ይሁን። አሁን ሰው ፎቶ ለማንሣት የሚቆመው ኩርባው ሆድ ላይ ነው፤ ከኋላው የሚመጣው ጭነት አያየውም። ሦስት ጥሩ መቆሚያ ይበቃል። በየመቆሚያው መጸዳጃ ቤት ይኑር፤ የሚያጸዳው ሰው ደመወዝ ሳይመደብለት ግን አይሠራ። በቆሎ ጠብሰው፣ ኮክና ድንች ይዘው መንገድ ዳር የሚሸጡ እናቶችና ልጆች ጥላ ያለው ቦታ እዚያው ይሰጣቸው። ሐረማያ ላይ መቆሚያው ወደ ሐይቁ ዳር አይጠጋ፤ ያ ሐይቅ አንድ ጊዜ ጠፍቶብን አይተናል። አወዳይ ላይ ምንም አትሥሩ፤ ገበያው ራሱ ይበቃል፤ ለእግረኛው ማቋረጫ ብቻ ይሠመርለት።

ከሁሉም በፊት ግን ዝርዝሩ ይያዝ። ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም፤ ደብተርና እስክሪብቶ የያዙ ሁለት ሰዎች በእግር ቢሄዱ በአንድ ሳምንት ይጨርሱታል። በየኪሎ ሜትሩ በግራና በቀኝ ያለው ይጻፍ፦ እርከን፣ ምንጭ፣ ጥላ ያለው ዛፍ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሚናድ ገደል፣ የተጣለ ቆሻሻ። ይህ ዝርዝር በሦስቱም አስተዳደሮች ከጸደቀ በኋላ ማስፋት የሚፈልግ መሐንዲስ ሲመጣ የሚነካውን በስሙ እየጠራ መጠየቅ ይኖርበታል። ያለ ዝርዝር የሚመጣ ቀያሽ ካብ እንጂ ቅርስ አያይም። እኔም አላየሁም ነበር።

የእኔን ደብተር ጀምሬዋለሁ። ወደ አዛውንቱ ማሳ ተመልሼ እርከኖቹን አብረን ለካን፤ ሜትሩን ከአንዱ ጫፍ የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። በደብተሩ ላይ የሰፈረው እንዲህ ይላል፦ «ከድሬዳዋ ሲወጣ፣ በስተቀኝ። የድንጋይ እርከን፣ ስድስት ደረጃ፣ ያለ ሲሚንቶ የተካበ። የታችኛው ካብ ከፍታ አንድ ሜትር ከሃያ። የኮክ ዛፍ ሁለት። አይነካ።» የመጨረሻዋን ቃል የጻፍኳት እሳቸው ስላሉኝ ነው።