ግዝት ምንድን ነው? የልጅ ኢያሱ መውረድ ከመሐላው ወገን ሲታይ

ጅማና ዙሪያዋ "ዛሬ ግዝት ነው" የሚል ሰው በወር ሦስት ቀን አይጠፋም፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ኦርቶዶክሱ ገበሬ በሬ አይጠምድም። አጥር ለአጥር የሚዋሰነው ሙስሊም ጎረቤቱ ግን ቡናውን ይለቅማል። ግዝት የሚያስረው የሚያምንበትን ብቻ ነው። ይህች ቀላል ነገር በ1909 ዓ.ም. አንድ መንግሥት ያፈረሰውን ጉዳይ ለመረዳት ትጠቅማለች።

ግዝት ቅጣቱ አብሮት የተነገረ ክልከላ ነው፤ "ይህን ብታደርግ ውጉዝ ሁን" ማለት። ውግዘት ደግሞ ክልከላው ከተጣሰ በኋላ የሚወርደው ፍርድ ነው፤ በንግግር ሁለቱ ይቀላቀላሉ። የሚገዝተው ሰው የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ያለው ካህን መሆን አለበት። በብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀውንም የፋቀውንም "በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን" የሚለው ቃል ከዚሁ የመጣ ነው። የተወገዘ ሰው አይቆርብም፣ ሲሞትም ፍትሐት የለውም። ማሰሪያውን የሚፈታው ያሰረው ካህን ወይም ከእሱ በላይ ያለ ነው። ሰውየው ራሱን በራሱ መፍታት አይችልም።

ቤተ መንግሥት ይህን መሣሪያ ለአልጋ ወራሽነት ይጠቀምበት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የሸዋረጋን ልጅ ኢያሱን ወራሽ ሲያደርጉ መኳንንቱ ማሉ፤ የከዳም "ጥቁር ውሻ ይውለድ" ተብሎ ተረገመ። ሞግዚቱ ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ኢያሱ ግን ዘውድ አልጫኑም፣ ቅብዐ መንግሥትም አልተቀቡም። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ይህ ነው። የተቀባ ንጉሥን ማውረድ ቅባቱን መካድ ይሆናል፤ ኢያሱን ከአልጋው ጋር ያያዛቸው ግን መሐላው ብቻ ነበር። መሐላ ደግሞ ይፈታል።

ፈቺው ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ኢያሱ ሐረር ሳሉ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ፦ ሰልመዋል፣ መስጊድ ገብተዋል፣ ከሙስሊም ባላባቶች ተጋብተዋል። ጳጳሱ መጀመሪያ ላይ አመነቱ። ሲያመነቱ ደግሞ ማንም ደፍሮ አልተነሣም፤ መሐላው ሳይፈታ የተነሣ ሁሉ ራሱ ውጉዝ ይሆናልና። በመጨረሻ ፈቱ። ወዲያው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ።

ኢያሱ እውነት ሰልመው ነበር ወይ? ክሱን የሚያጸና ማስረጃ ደካማ ነው። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል አፄ ዮሐንስ አራተኛ ስለ ሃይማኖት ከጠሩት ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የተጠመቁ የወሎ ሙስሊም ነበሩና ልጁ በሁለቱም ወገን ዘመድ አላቸው። በዚያ ላይ የዓለም ጦርነት ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢያሱ ወደ ቱርክ ያዘነብላሉ ብለው ይከሱ ነበር። አቡነ ማቴዎስ ግብፃዊ ነበሩ፣ ግብፅም በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ከዚህ ተነሥቶ እንግሊዝ አዘዛቸው ማለት ግን ሩቅ መሄድ ነው። መኳንንቱ የራሳቸው በቂ ቅሬታ ነበራቸው፤ ኢያሱ የአያታቸውን ሹማምንት ገፍተዋል፣ ከዋና ከተማው ርቀው ወራት ይሰነብቱ ነበር።

የእኛ ግምገማ ከጅማ ይነሣል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ሙስሊም ሆነው ለምኒልክ ገበሩ፤ በግብሩም ጅማ ራስ ገዝነቷን እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ጠበቀች። ለእሳቸው የጳጳስ ግዝት ምንም አይደለም፤ ያያዛቸው ውል ነው። አፋሩና ሱማሌውም እንዲሁ። ስለዚህ ኢያሱ በጋብቻና በወዳጅነት የፈለጉት ግዝት የማይደርስበትን ሕዝብ የሚይዝ ሌላ ገመድ ነበር ብንል አንሳሳትም። ስሕተታቸው አሮጌውን ገመድ የያዘውን ሰው ችላ ማለታቸው ነው። አፄ ቴዎድሮስ የተገላቢጦሹን አድርገው ነበር፤ የየቤተ ክርስቲያኑን አገልጋይ ለሁለት ቄስና ለሦስት ዲያቆን ወስነው ከካህናቱ ተጣሉ፣ አቡነ ሰላማንም መቅደላ አሰሩ። ጳጳሱ በ1860 ዓ.ም. እዚያው እስር ቤት አረፉ። የታሰረ ጳጳስ ጉባኤ ፊት ቆሞ መሐላ አይፈታም፤ ቴዎድሮስ ግን የካህናቱን ልብ አጥተዋል።

መሐላው ተፈታ መባሉን ንጉሥ ሚካኤል አልተቀበሉም። የወሎን ጦር ይዘው መጡ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ኢያሱ አፋር ገቡ፣ በ1913 ዓ.ም. ተይዘው ታሰሩ፤ ኅዳር 1928 ዓ.ም. እስር ላይ እንዳሉ ሲሞቱም ስማቸው "ልጅ" ወይም "አቤቶ" ኢያሱ እንጂ "አፄ" አልነበረም።