የአካል ተሃድሶና የሕመም ማስታገሻ ልማዶች በወሎ

ይህ ዳሰሳ ከስብራት፣ ከውልቃት፣ ከወገብና ከመገጣጠሚያ ሕመም እንዲሁም ከአካል መቆረጥ በኋላ ወሎ ውስጥ ሰዎች የሚያገግሙባቸውን መንገዶች ይመለከታል። ወሎ ሲባል እዚህ የቀድሞው ክፍለ ሀገር በሙሉ ሳይሆን የዛሬዎቹ ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ ዞኖች፣ ከከሚሴና ከቦርከና ዙሪያ ጋር ናቸው።

ወጌሻ

ወሎዬ ከገደል ሲንሸራተት፣ ከበቅሎ ሲወድቅ ወይም እጁ ሲወልቅ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ሴት ወጌሾችም አሉ። ወጌሻው በጣቱ ዳብሶ የተሰበረውን ጫፍ ያገኛል፤ ረዳቱ እግሩን ወይም ክንዱን ጎትቶ ሲይዝለት አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። ከዚያም የተሰነጠቀ ሸምበቆ በጨርቅ ላይ ደርድሮ ያስራል። በየጥቂት ቀኑ ይፈታዋል፣ ዙሪያውን በለጋ ቅቤ ያሻል፣ መልሶ ያስራል። ለበሽተኛው ገንፎ፣ የአጥንት መረቅና አብሽ ይቀርባል። በእግር ኳስ ሜዳም የሚጎዳውን ተጫዋች ሮጦ የሚያነሳው ወጌሻ ይባላል፤ በደሴም በኮምቦልቻም በወልዲያም እንዲሁ ነው።

የወጌሻ እጅ ቀላል ነገር አይደለም። ወለምታንና የትከሻ ውልቃትን ሰዎች በደቂቃዎች ውስጥ ሲያስተካክሉ ወሎ ያላየ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅርብ ነው፤ ሌሊት ቢጠራ ይመጣል፣ ዋጋውም እንደ አቅም ነው። የደላንታ ወይም የመቄት ገበሬ ሆስፒታል ለመድረስ የቅሬው (የእድሩ) ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ ድረስ ሊያወርዱት ይገባል።

ችግሩ ያለው በማሰሪያው ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ ሸምበቆው ግን አብሮ አይሰፋም። ደም ያጣ ጡንቻ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ሊመለስ በማይችል ሁኔታ መሞት ይጀምራል። ቆይቶ ሲፈታ ጣቶች ጠቁረው ይገኛሉ፤ መጨረሻው መቆረጥ፣ ቢተርፍም የተጨበጠ እጅ ነው። ስለዚህ ታስሮ እያለ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከገረጣ ወይም ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ ማሰሪያው ወዲያው መፈታት አለበት፤ ሐኪም ቤትም መሄድ ግድ ነው። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራት፣ የአዛውንት ዳሌ፣ የሕፃን ክርንና የአከርካሪ ጉዳት ጭራሹን ወደ ወጌሻ መሄድ የለባቸውም። ጥሩዎቹ ወጌሾች ይህን ራሳቸው ያውቃሉ፤ «ይህ የኔ አይደለም» ብለው ይመልሳሉ።

ጠበል፣ ወዳጃ፣ ዋግምት፣ ፍል ውሃ

በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሁለቱም ሊደረጉ ይችላሉ፦ አንዱ ዘመድ ጠበል ያመጣል፣ ሌላው ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ የጸሎት ስብስብ፣ አስቀምጦ ዱዓ ያስደርጋል። ክርስቲያን ዱዓ ሲያስደርግ፣ ሙስሊም ጠበል ሲጠጣ ማየት ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ ከሚወጡት ምዕመናን ብዙዎቹ ለፈውስ የተሳሉ ናቸው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የአምባው አቀበት ራሱ ፈተና ቢሆንም።

ቆዳን በምላጭ በጥቶ ደም የሚመጠጥበት ዋግምት ድሮ በቀንድ ይደረግ ነበር፤ አሁን በከተሞች በፕላስቲክ ኩባያ ሒጃማ ተብሎ ይሠራል። ለአንገትና ለወገብ ሕመም የአጭር ጊዜ ፋታ እንደሚሰጥ የሚጠቁሙ ጥናቶች ቢኖሩም ጥራታቸው ደካማ ነው። ምላጩ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ካልሆነ ግን ኤችአይቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

በቦርከና ሸለቆ ያሉት ፍል ውሃዎች ለቁርጥማት ፍቱን እንደሆኑ ይነገራል። ሙቀት የደረቀ መገጣጠሚያን ማላላቱና ሕመም ማስታገሱ የታወቀ ነው። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ወይም የሥጋ ደዌ ታማሚ ግን ሙቀቱን ሳያውቅ ስለሚቃጠል እግሩን እዚያ መንከር የለበትም።

ሆስፒታሎች

ዘመናዊ ሕክምና ወሎ ውስጥ ስሙ በዓለም የተሰማው በክፉ አጋጣሚ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አሜሪካውያን አድቬንቲስቶች ያቋቋሙት ሆስፒታል ተመታ። ጃንሆይ በዚያ ዕለት ደሴ ነበሩ፤ በፀረ አውሮፕላን መትረየስ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍም ከዚያው ቀን ጋር ተያይዞ ይታወሳል። በከተማዋ የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞች ወሬውን ስላሰራጩት የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ቦታ መመታቱ በአውሮፓ ብዙ ተጻፈበት።

በ1966ቱና በ1977ቱ ረሀብ የጤናው ሥራ ሁሉ ነፍስ በማትረፍ ተጠመደ።

ለአካል ተሃድሶ ይበልጥ የሚጠቀሰው ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ይህ ሜዳ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሱዳን የውስጥ ሚስዮን የሥጋ ደዌ ሕክምና የጀመረበት ሆነ። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን የሚጎዳው ነርቭን ነው፤ ጣት የሚያልቀው በሽታው ስለሚበላው ሳይሆን ሕመም የማይሰማው እጅ በተደጋጋሚ ስለሚቃጠልና ስለሚቆስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሦስቱ መድኃኒቶች፣ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን፣ በአንድነት መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ በሽታው በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። ነርቩ ግን ዘግይቶ ከተጎዳ አይመለስም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በኋላ የሚቀረው ሥራ በሙሉ ተሃድሶ ነው፦ እግርን በየቀኑ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የጠነከረውን ቆዳ መፋቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጫማ ማድረግ፣ የደነዘዘን እግር ቁስል በዓይን መፈለግ። ቦሩ ሜዳ ይህን ለብዙ ቤተሰብ አስተምሯል፤ ሌሎች በሸሹት ሰው ላይ እጃቸውን ያኖሩት የሆስፒታሉ ሠራተኞች ከዚህ በላይ ሊታወሱ ይገባ ነበር።

ሰው ሠራሽ አካል

ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለአካል ጉዳተኞች ሰው ሠራሽ እግር የመስጠት ሥራውን በዓለም ደረጃ ከጀመረባቸው የመጀመሪያ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1979፣ ቦታው ደብረ ዘይት ነበር። ኮሚቴው ከእንጨትና ከቆዳ ይልቅ ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ ማስለመዱ ዋጋውን አወረደው፤ ክብደቱንም አቀለለው። ደሴ ዛሬ የአካል ተሃድሶ ማዕከል ካላቸው ጥቂት የአገሪቱ ከተሞች አንዷ ናት።

እግር መስጠት በአንድ ቀን አያልቅም። ጉማጁ በፋሻ እየተጠቀለለ እብጠቱ ይወርዳል፣ ልኩ በጀሶ ይወሰዳል፣ በሁለት ብረት መካከል መራመድ ይለመዳል። ልጅ ሲያድግ ይቀየርለታል፤ የአዋቂም ቢሆን በየጥቂት ዓመቱ ያረጃል። አራሽ ገበሬ ደግሞ ከከተማ ሰው ቀድሞ ይጨርሰዋል።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያና ላሊበላ ደረሰ፤ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፣ በኅዳር መጨረሻም ተለቀቁ። በደሴና በወልዲያ ሆስፒታሎች መሣሪያና መድኃኒት ተዘርፏል፣ ተሰባብሯል። በጥይትና በፍንዳታ የተጎዱ ብዙዎች የተሃድሶ አገልግሎት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር።

ፊዚዮቴራፒ ወሎ ውስጥ በዋናነት የሚገኘው ደሴ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ከጀመረ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ባለሙያው ገና ጥቂት ነው፤ ከወረዳ የሚመጣ ታማሚም በየሳምንቱ ለመመላለስ የመኪናና የአልጋ ወጪው ይከብደዋል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ እንቅስቃሴውን ለልጁ ወይም ለሚስቱ አሳይተው ይልኩታል። ስትሮክ ያገኘውን ሰው በየቀኑ ማስቀመጥና ማቆም፣ ጣቶቹን መዘርጋት፣ ወገቡን ያመመው ሰውም አልጋ ላይ ከመክረም ይልቅ በልክ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ያለ መሣሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው።